ዕዳ ካለብኝ ክሊራንስ ይከለክለኛል? ከአሌክሳንድሪያ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ የምኖር የ34 ዓመት ሰው ነኝ። የአሜሪካ ዜግነት ካገኘሁ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ለመከላከያ ሚኒስቴር የሚሠራ አንድ ኮንትራክተር በኔትወርክ ቴክኒሻንነት ሊቀጥረኝ ተስማምቷል፤ ሥራው ግን የሲክሬት ደረጃ ሴኩሪቲ ክሊራንስ፣ ማለትም የመንግሥት ምስጢር የማየት ፈቃድ ይጠይቃል። ችግሬ ዕዳ ነው። ከሥራ በተቀነስኩበት ጊዜ የተጠራቀመ 7,400 ዶላር የክሬዲት ካርድ ዕዳ አለብኝ፤ ሪፖርቴ ላይ ‹ቻርጅ ኦፍ› ተብሎ ተጽፏል። 2,100 ዶላር የሆስፒታል ሒሳብ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ተላልፏል። ለአጎቴ ልጅ የመኪና ብድር አብሬ ፈርሜለት መክፈሉን አቋረጠ፤ መኪናውን ወሰዱትና 11,600 ዶላር ቀረብህ ይሉኛል። በስልክ የሚጠራ ታክሲ እነዳ ስለነበር የ2022 እና የ2023 ግብሬንም አላስታወቅሁም፤ የምከፍለው አልነበረኝም። ደሴ ላለችው እናቴ በየወሩ 300 ዶላር እልካለሁ። ከሁለት ወር በኋላ 12,000 ዶላር ዕቁብ ይደርሰኛል። አንድ ወዳጄ ‹የአጎትህን ልጅ መኪና አትጻፈው፣ ያንተ ዕዳ አይደለም፤ ካርዱም ሰባት ዓመት ሊሞላው ነውና ዝም በል› ብሎኛል። ምን ይሻለኛል?»

ጋሼ ብለህ ስለጻፍክልኝ እኔም አንተ እያልኩ ልመልስልህ። ጠበቃ አይደለሁም። በሰሜን ቨርጂኒያ የመንግሥት ኮንትራት በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ለብዙ ዓመታት የደኅንነት ኃላፊ ነበርኩ። ለአዲስ ተቀጣሪ ኤስ ኤፍ 86 የሚባለውን የክሊራንስ መጠይቅ ቅጽ የማስሞላው፣ ጎድሏል ብዬ የምመልሰው፣ ከመንግሥት ክፉ ደብዳቤ ሲመጣም በር ዘግቼ በእጁ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። የምነግርህ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው።

መልሴን ላስቀድም። ከዘረዘርካቸው ውስጥ ብቻውን ሊያስከለክልህ ይችላል ብዬ የምፈራው አንዱን ነው፤ እሱም ካርዱ፣ ሆስፒታሉ ወይም መኪናው አይደለም። ያላስታወቅኸው ግብር ነው። ከእሱም የሚብሰው የወዳጅህ ምክር ነው።

መንግሥት በእኔ ክሬዲት ካርድ ምን አገባው የሚለውን ጥያቄ ስሰማ ኖሬያለሁ። መልሱ ከሰፈርህ ብዙም አይርቅም። አልድሪች ኤምስ የሚባለው የሲ አይ ኤ ባልደረባ እ.ኤ.አ. በ1985 ከፍቺ ጋር የመጣበት ዕዳ ሲያስጨንቀው ዋሽንግተን ወደሚገኘው የሶቪየት ኤምባሲ ሄዶ ምስጢር ሸጠ። የመጀመሪያው ክፍያ 50,000 ዶላር ነበር። በ1994 አርሊንግተን ውስጥ እስኪያዝ ድረስ 540,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት በጥሬ ገንዘብ ገዝቶ፣ ጃጓር እየነዳ ቆየ። በእሱ ጥቆማ የተረሸኑ ሰዎች አሉ። ታሪኩ ለመርማሪዎች ሁለት ትምህርት ጥሎ አልፏል፦ የተጨነቀ ባለ ዕዳን መመልከት፣ ከየት እንዳመጣው ሳይታወቅ ድንገት የበለጸገውንም መመልከት። ሁለተኛውን አትርሳው፤ ዕቁቡ ጋ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ይሁን እንጂ ካርዱን ያልከፈለ ሁሉ ሰላይ ይሆናል ብሎ የሚያስብ መርማሪ አላጋጠመኝም። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2017 ጀምሮ የሚሠራበት የብሔራዊ ደኅንነት መመሪያ አሥራ ሦስት መመዘኛዎች አሉት፤ ስድስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የመመዘኛው አስተሳሰብ በቀላሉ ሲነገር፣ ለአበዳሪው የገባውን ቃል ያላከበረ ሰው ምስጢር እጠብቃለሁ ብሎ ለመንግሥት የሚገባውን ቃል ያከብራል ወይ የሚል ነው። የሚመዘነው አመልህና አስተዋይነትህ ነው። ስለዚህ «ከዚህ ዶላር በላይ ዕዳ ያለበት አይገባም» የሚል መስመር የለም፤ የክሬዲት ነጥብህ 580 ሆነ 780 ተብሎም አይወሰንም። ከአንተ ሦስት እጥፍ ዕዳ ይዞ ያለፈ ሰው አውቃለሁ። የአንተን ግማሽ እንኳ የማያህል ዕዳ ይዞ የወደቀም አውቃለሁ።

መመሪያው መክፈል አለመቻልንና እየቻሉ አለመክፈልን ለይቶ ጽፏቸዋል፤ ሁለቱም ይጎዳሉ፣ ሁለተኛው ግን የባሰ ይጎዳል። ይህን ልዩነት ያዝልኝ፤ ወደ እናትህ ገንዘብ ስንመጣ ያስፈልገናል።

አንድ መራራ ነገር ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅምሃል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 ኢጋን በሚባለው የባሕር ኃይል ጉዳይ ላይ ማንም ሰው ክሊራንስ የማግኘት መብት እንደሌለው፣ ጥርጣሬ ካለም ወደ መከልከሉ ማዘንበል እንደሚገባ ጽፏል። መንግሥት የክሬዲት ሪፖርትህን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠ የራሱን ድርሻ ጨርሷል ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የማስረዳቱ ሸክም ያንተ ነው።

አሁን ወደ ወዳጅህ ልመለስ። ሰውየው ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ብዙ የአገራችን ሰው የሚያስበውን ነው የነገረህ። «ቻርጅ ኦፍ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ዕዳው የተሰረዘ፣ የተማረ ይመስለናል። ባንኩ ግን ያደረገው ይህን ገንዘብ አገኛለሁ ብሎ ከሚቆጥረው ሀብቱ ላይ ማውጣት ብቻ ነው። የራሱን መዝገብ አስተካከለ እንጂ አንተን አልማረህም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ዕዳህን በርካሽ ለሌላ ድርጅት ይሸጠዋል፤ ያ ድርጅት ነው በማታውቀው ስልክ የሚደውልልህ።

ሰባት ዓመት የሚባለውም ሌላ ነገር ነው። ሰባት ዓመት ያለፈው መጥፎ ሒሳብ ከክሬዲት ሪፖርት ላይ ይወጣል፤ ይህ እውነት ነው። ቅጹ ግን የሚጠይቀው ስላለፉት ሰባት ዓመታት ብቻ አይደለም። አሁን፣ ዛሬ፣ ከ120 ቀን በላይ ያለፈበት ዕዳ አለብህ ወይ የሚል ጥያቄም አለው። ከሪፖርት መውጣት ከዕዳ መውጣት አይደለም። አበዳሪው ሊከስህ የሚችልበት ጊዜ በይርጋ ቢያልፍ እንኳ ጊዜ እስኪያልፍ መጠበቅን የክሊራንስ ጉዳይ የሚያዩት ዳኞች ዕዳን በቅን ልቦና መፍታት ብለው አይቀበሉትም። ይርጋ ከፍርድ ቤት ያድንሃል፤ ከዚህ መመዘኛ አያድንህም።

የአጎትህ ልጅ መኪናስ? በአገራችን ዋስ መሆን ክብር ነው፤ ዘመድ ሲለምንህ እምቢ ማለት ያሳፍራል። ዕዳ ከሜዳ የሚባለውም ከዚህ ዓይነቱ ፊርማ የሚመጣው ነው። ኤስ ኤፍ 86 ክፍል 26 ግን ብቻህን ባለ ዕዳ የሆንክባቸውን ብቻ ሳይሆን አብረህ የፈረምክባቸውንና ዋስ የሆንክባቸውን ጭምር እንድትጽፍ በግልጽ ያዝዛል። የወዳጅህ ክርክር እዚያው ቅጹ ላይ አበቃ። መኪናው መወሰዱም ለብቻው ይጠየቃል።

ባትጽፈው የሚሆነውን ልንገርህ። ለሲክሬት ደረጃ በተለመደው አሠራር መርማሪ ፊት ለፊት ላያነጋግርህ ይችላል፤ ሪፖርቱ ላይ ዕዳ ከታየ ግን ይመጣል። አንድ ትንሽ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ትቀመጣላችሁ። መታወቂያውን ያሳይሃል። ከፊቱ አንድ ዶሴ አለ፣ አይከፍተውም። «ባለፉት ሰባት ዓመታት ወደ ዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ሒሳብ ነበረብህ?» ይልሃል። የለም ትላለህ። «የተወሰደ ንብረት?» የለም። «ለሌላ ሰው የፈረምከው ብድር?» ይኼን ጊዜ ላብ ይጀምርሃል፣ ግን አንዴ ብለኸዋልና የለም ትላለህ። ከዚያ ዶሴውን ይከፍታል። የአበዳሪውን ስም፣ የሒሳቡን ቁጥር፣ ቀኑን፣ 11,600 የሚለውን አኃዝ ያነብልሃል። ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም። በኋላ የሚጽፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ተጠያቂው ማስረጃ እስኪቀርብለት ድረስ አላመነም።

ያን ዓረፍተ ነገር ብዙ ውሳኔዎች ውስጥ አንብቤዋለሁ። ጉዳይህ ከዚያ በኋላ የገንዘብ መሆኑ ይቀርና ስለ ግል ባሕርይ ወደሚናገረው ሌላ መመዘኛ ይገባል። በቅጹ ላይ አውቆ ሐሰት መጻፍ በፌዴራል ሕግ እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መሆኑ ቅጹ ራሱ ላይ ተጽፏል። ክስ የሚመጣው በጥቂቶች ላይ ነው፤ ክሊራንሱ የሚቀረው ግን በብዙዎች ላይ ነው። የመኪናውን ዕዳ በጥቂት ዓመታት ከፍለህ ትጨርሰዋለህ። ከፊርማህ በላይ የሰፈረውን «የለም» በምን ትከፍለዋለህ?

እንግዲህ ግብሩ። «የምከፍለው ስለሌለኝ አላስታወቅሁም» የሚለው ቃል ሹፌሮቻችን ዘንድ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ማስታወቅና መክፈል ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች ናቸው። ባዶ ኪስ ይዘህ ማስታወቅ ትችላለህ፣ ይገባሃልም። ባለማስታወቅ የሚመጣው ቅጣት ላልተከፈለው ግብር በየወሩ 5 በመቶ ሆኖ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል፤ አስታውቀህ ባለመክፈል የሚመጣው ግን በወር ግማሽ በመቶ ነው። ከቅጣት ፈርተህ ወደ አሥር እጥፉ ቅጣት ገባህ ማለት ነው። መመዘኛውም የዓመት ግብርን አለማስታወቅን ለይቶ በስሙ ይጠራዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ካርድ አለመክፈል ከባንክ ጋር ያለ ጉዳይ ነው፤ ግብር አለማስታወቅ ግን ምስጢሩን ሊያምንህ የሚያስበውን ያንኑ መንግሥት ሕግ መተላለፍ ነው።

የምሥራች ልጨምርልህ። ምናልባት የምትፈራውን ያህል ዕዳ ላይኖርብህ ይችላል። በታክሲው ያገኘኸው ጠቅላላ ገቢ ሁሉ ግብር አይከፈልበትም፤ ለሥራ የነዳኸው ማይል ይቀነስልሃል። በ2023 የነበረው ተመን ለአንድ ማይል 65.5 ሳንቲም ነው። 20,000 ማይል ነድተህ ከሆነ 13,100 ዶላር ከገቢህ ላይ ይወርዳል። የነዳህበት ድርጅት የዓመቱን ማይል የሚያሳይ ማጠቃለያ ያወጣልሃል፤ የራስህ ማስታወሻ ካለ ደግሞ ተሳፋሪ ለማንሳት የሄድክበትንም ይጨምርልሃል። በተረፈው ላይ የግል ሠራተኛ 15.3 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር እንዳለበት ግን አትዘንጋ። ሁለቱን ዓመታት ዕቁቡን ሳትጠብቅ በዚህ ሳምንት ለሚያውቅ ሰው ስጥ፤ የቨርጂኒያንም አብረህ አስታውቅ፣ ብዙ ሰው የፌዴራሉን ጨርሶ የግዛቱን ይረሳል። የሚከፈለው ከወጣ በኋላ አይ አር ኤስ ከሚባለው የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት ጋር በየወሩ የመክፈል ስምምነት ግባ። መመዘኛው ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር ተስማምቶ በስምምነቱ መሠረት እየከፈለ ያለን ሰው በበጎ የሚመለከትበት የራሱ አንቀጽ አለው። ቅጹ ላይ ግን ዘግይተህ ማስታወቅህን ትጽፋለህ፤ አሁን ማስታወቅህ የነበረውን አያጠፋውም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚረዳህ ምን እንደሆነ በሁለት ሰዎች ላሳይህ። ሁለቱም በአንድ ዓመት ወደ ቢሮዬ መጡ፤ ዕዳቸውም ተቀራራቢ ነበር። አንደኛው ጥሩ ተናጋሪ ነበር። ሥራ ስጀምር እከፍላለሁ፣ ደመወዜ ሲመጣ ሁሉንም እዘጋለሁ አለ፤ ከልቡም ነበር። ሁለተኛዋ ዝምተኛ ሴት ነበረች። ሰማያዊ ዶሴ ይዛ መጣች። ውስጡ ለየአበዳሪው አንድ ሽፋን ወረቀት፣ ከበስተኋላው የጻፈችላቸው ደብዳቤ፣ የስምምነቱ ቅጂ፣ የየወሩ ክፍያ ደረሰኝ። አንዱ ክፍያ 40 ዶላር ብቻ ነበር። ግን ዘጠኝ ደረሰኝ ነበረው፣ አንድም ወር ሳይዘል። እሷ አለፈች። እሱ አላለፈም። ተስፋ መስጠት የከፈሉበትን ታሪክ አይተካም የሚለው አነጋገር በውሳኔዎቹ ውስጥ እስኪሰለች ድረስ ይደጋገማል። በሌላ በኩል የክሊራንስ ጉዳይን በይግባኝ የሚያየው ቦርድ ሰው ዕዳውን ሁሉ ከፍሎ እንዲጨርስ አያስገድድም፤ ምክንያታዊ ዕቅድ መኖሩንና ዕቅዱ በተግባር መጀመሩን ነው የሚያየው።

ከሥራ መቀነስህ በራሱ ይረዳሃል። ሥራ ማጣት፣ ያልታሰበ ሕመም፣ ፍቺ፣ የቤተሰብ ሞት፣ እነዚህ ከሰው ቁጥጥር ውጭ የሆኑ ምክንያቶች ተብለው በመመሪያው ውስጥ ተጠቅሰዋል። ነገር ግን ተቀጽላ አላቸው፦ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆነህ በኃላፊነት ስሜት ተንቀሳቅሰሃል ወይ? የተቀነስክበትን ደብዳቤ ፈልግ። በዚያን ጊዜ ለባንኩ ደውለህ ከሆነ፣ ኢሜይል ጽፈህ ከሆነ፣ ቆፍረህ አውጣው። ምንም አላደረግኩም ከሆነ መልስህ፣ እሱንም በግልጽ ተናገርና ዛሬ ጀምር። ቀኑ ዋጋ አለው። መንግሥት ከመጠየቁ በፊት የተጀመረ ክፍያና ደብዳቤ ከደረሰ በኋላ የተጀመረ ክፍያ እኩል አይመዘኑም።

ወደ ዕቁቡ። በመጀመሪያ ገንዘቡ ንጹሕ ነው፤ ዕቁብ ሕገ ወጥ አይደለም። ችግሩ ዕቁብን የማያውቅ መርማሪ የሚያየው ሌላ ነገር መሆኑ ነው፤ ዕዳ ያለበት ሰው አንድ ቀን ጠዋት 12,000 ዶላር በጥሬ ገንዘብ አስገባ። ኤምስን አስታውስ። ስለዚህ የዕቁቡን ደንብ ወይም የአባላቱን ዝርዝር፣ አንተ በየወሩ የከፈልክበትን መዝገብ፣ ከዳኛው ወይም ከጸሐፊው የተፈረመ አንድ ገጽ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ያዝ። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አስገባው። ባንክ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል፤ ይህ የዘወትር ሥራው ነው፣ አንተን አይነካህም። ሪፖርቱን ለመሸሽ ብሎ 6,000 ዛሬ 6,000 ነገ እያሉ መከፋፈል ግን ገንዘቡ ምንም ያህል ሕጋዊ ቢሆን ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በዚህ የተያዙ ጥሩ ሰዎች አሉና አደራ። ደግሞ ወደፊት ደረጃህ ወደ ቶፕ ሲክሬት ካደገ ያልተለመደ 10,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲገባህ ማስታወቅ ግዴታ ይሆናል። ዕቁብ የራስህ ቁጠባ ነው ብለህ ልትከራከር ትችላለህ፤ እኔ ብሆን አስታውቄ እተኛለሁ።

አከፋፈሉን በተመለከተ፣ ዕዳ ሰብሳቢ አብዝቶ የደወለው ሁሉ ቀዳሚ አይሆንም። መጀመሪያ ግብሩ፣ በተቻለ መጠን ብዙውን። ቀጥሎ የሆስፒታሉ 2,100፣ ግን ከመክፈልህ በፊት ሆስፒታሉን ራሱን አነጋግረው። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የክፍያ እርዳታ ደንብ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ሥራ ፈትተህ በነበርክበት ጊዜ የታከምክ ከሆነ ሊቀነስልህ ይችላል። መኪናውን ስትነጋገር ቀሪው ሒሳብ እንዴት 11,600 እንደደረሰ፣ መኪናው በስንት እንደተሸጠና ምን ምን ወጪ እንደተጨመረበት በጽሑፍ ጠይቅ። ዕዳ ሰብሳቢ የመጀመሪያ ማስታወቂያ ከላከልህ በ30 ቀን ውስጥ ማረጋገጫ በጽሑፍ የመጠየቅ መብት አለህ። ሒሳቡ ስህተት ካለበት ተከራከር፤ መመዘኛው በማስረጃ የተደገፈ ክርክርን ይቀበላል፣ «የእኔ አይደለም» የሚለውን ባዶ ቃል ግን አይቀበልም። ካርዱ ላይ በቅናሽ እንስማማ ቢሉህ ጥሩ ነው፤ የተተወልህ ገንዘብ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ 1099-ሲ የሚባል ወረቀት እንደሚላክና እንደ ገቢ ሊቆጠርብህ እንደሚችል ግን ለግብር ሠሪህ አስቀድመህ ንገረው፤ በዚያን ጊዜ ዕዳህ ከንብረትህ ይበልጥ ከነበረ ነፃ የምትሆንበት መንገድ አለ። ከዕቁቡ 2,000 ዶላር ያህል ሳትነካ አስቀምጥ። ጎማ ሲፈነዳ እንደገና ካርድ የምትመዝ ከሆነ ዕቅዱ ፈረሰ ማለት ነው።

ለትርፍ ያልተቋቋመ የብድር አማካሪ ጋር አንድ ቀጠሮ ያዝ። ይህ በመመሪያው በስም የተጠቀሰ ጥቅም ነው፣ ከዚያም የወር በጀት በጽሑፍ ይዘህ ትወጣለህ። በሬዲዮ «ዕዳዎን በግማሽ እንቀንስልዎታለን» ከሚሉት ግን ራቅ፤ ብዙዎቹ ክፍያ አቁም ብለው ይጀምራሉ፣ አንተ የሚያስፈልግህ ደግሞ የተቃራኒው ነው። በፍርድ ቤት ኪሳራ ማወጅ (ባንክራፕሲ) ሕጋዊ መንገድ ነው፣ በራሱም አይጥልህም፤ ለ21,000 ዶላር ግን እኔ አልመክርህም።

አሁን ወደ እናትህ። ይህን ክፍል ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ እኔም እልካለሁና። የ300 ዶላሩ ጉዳይ ሁለት ቦታ ይነሣል። ቅጹ የውጭ አገር ዜጋን በገንዘብ ረድተህ ታውቃለህ ወይ ይልሃል፤ አዎ ትላለህ፣ መጠኑንና ምክንያቱን ትጽፋለህ። እናትህን መርዳት ነውር አይደለም፤ በውጭ ያለ ቤተሰብ በሌላ መመዘኛ ይታያል፣ ያ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው። ሁለተኛው ቦታ በጀትህ ነው። መክፈል አለመቻልና እየቻሉ አለመክፈል ብዬህ ነበር። ለሦስት ዓመት በየወሩ 300 ዶላር የላከ ሰው ለሆስፒታሉ 25 ዶላር እንኳ ሳይከፍል ከቆየ፣ መርማሪው «ይህ ሰው ገንዘብ አልነበረውም» ብሎ ሊጽፍ አይችልም። እኛ ለእናት የሚላክን ገንዘብ ከወጪ አንቆጥረውም፤ እንደ ቤት ኪራይ፣ እንዲያውም ከኪራይ በፊት የሚወጣ ነው። የእሱ መዝገብ ግን ያን አያውቅም። አትላክ አልልህም። በበጀቱ ላይ በግልጽ አስፍረው፣ ከስሩ የአበዳሪዎቹን ክፍያ አስፍር፣ ሁለቱም ከደመወዝህ ጋር መግጠማቸውን አሳይ። ካልገጠመ ለአንድ ዓመት 200 አድርገውና ለእናትህ ምክንያቱን ንገራት። እናቶች ከምንገምተው በላይ ይገባቸዋል፤ የሚያሳዝናቸው መደበቁ ነው።

የአጎትህን ልጅ በተመለከተ፣ ሽማግሌ ልከህ እንዲያግዝህ ማድረግ መልካም ነው። ለመርማሪው ግን ሽማግሌው ማስረጃ አይሆንለትም። ከልጁ አንድ ገጽ አስፈርም፦ መኪናውን የያዘው እሱ እንደነበር፣ መክፈል ያቆመው መቼ እንደሆነ፣ አሁን በወር ስንት እንደሚያዋጣ።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን በአጭሩ። ድርጅቱ ቅጹን ካስገባ በኋላ ጊዜያዊ ክሊራንስ ላይሰጥህ ይችላል፤ ዕዳ መጀመሪያ የሚያስቀረው እሱን ነው። ቀጣሪህ ሊጠብቅህ ይችላል፣ ላይጠብቅህም ይችላል፤ ይህን ላለሰልስልህ አልችልም። ቆይቶ የገንዘብ ማስረጃ የሚጠይቅ መጠይቅ ሊመጣ ይችላል፤ ዶሴህ የሚያገለግለው ያን ቀን ነው። ካልረኩ የክልከላ ምክንያቶችን የሚዘረዝር መግለጫ ይደርስሃል፤ መልስ ለመስጠት 20 ቀን አለህ፣ ጠበቃ የምትይዘውም ያኔ ነው። ለእያንዳንዱ ነጥብ አምናለሁ ወይም እክዳለሁ ብለህ በመሐላ ትመልሳለህ፤ ዳኛ ፊት ቀርቤ ልናገር ብለህ መጠየቅህን አትርሳ፣ ወረቀት ብቻ ልከው የሚቀሩ ሰዎች ድምፃቸው ሳይሰማ ይወሰንባቸዋል። ጉዳዩን የሚያየው የመከላከያ የችሎትና የይግባኝ ጽሕፈት ቤት በእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሉ «ዶሃ» ነው፤ አንድ ተቀጣሪ ጉዳይህ ዶሃ ተላልፏል ስለው ኳታር የተላከበት መስሎት ደንግጦ ነበር። ውሳኔዎቹ የሰው ስም ወጥቶላቸው በድረ ገጻቸው ይታተማሉ። ስለ ግብርና ስለ አብሮ ፈራሚነት የተጻፉትን አምስት ስድስት አንብብ፤ ከእኔ ደብዳቤ በላይ ያስተምሩሃል።

ክሊራንሱ ከተሰጠህ በኋላም ነገሩ አይዘጋም። ድሮ ለሲክሬት በየአሥር ዓመቱ ነበር እንደገና የሚታየው፤ አሁን ክትትሉ የማያቋርጥ ነው፣ የክሬዲት መዝገብህ ላይ አዲስ ነገር ሲገባ ማንቂያ ይደርሳቸዋል። ከ120 ቀን በላይ ያለፈበት ዕዳ ሲኖር ወይም ኪሳራ ስታውጅ ራስህ ማስታወቅ አለብህ።

ቅጹን ከመክፈትህ በፊት የሦስቱንም የክሬዲት ድርጅቶች ማለትም የኤክስፐሪያንን፣ የኢኩዊፋክስንና የትራንስዩኒየንን ሪፖርት አውጣ፤ በነፃ ነው፣ ሦስቱ አንድ ዓይነት አይሆኑም። ከአይ አር ኤስ ደግሞ የግብር ትራንስክሪፕትህን፣ ማለትም የግብር መዝገብህን ግልባጭ አውርድ። ቀኖቹንና ቁጥሮቹን ከዚያ ቅዳ፤ ከራስህ አታውጣ። የመኪናው ማብራሪያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሰዎች ወይ ባዶ ይተዉታል ወይ የቤተሰቡን ታሪክ በሙሉ ይጽፉበታል። ያንተ በእንግሊዝኛ ሲገለበጥ ይህን ያህል ቢሆን ይበቃል፦

«ለአጎቴ ልጅ የመኪና ብድር አብሬ ፈርሜ ነበር። እሱ መክፈል አቆመ፤ እኔም በዚያን ጊዜ ከሥራ ተቀንሼ ስለነበር መቀጠል አልቻልኩም። መኪናው ተወስዶ ተሸጠ፤ አበዳሪው 11,600 ዶላር ቀሪ ይጠይቃል። የሽያጩን ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቄያለሁ። ከዚህ ወር ጀምሮ በወር 200 ዶላር ለመክፈል ተስማምቻለሁ፤ ስምምነቱና ደረሰኙ በእጄ ይገኛሉ።»

የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የምትጽፋቸው እውነት ከሆኑ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምትደውለው ለግብር ሠሪው፣ ቀጥሎ ለመኪናው አበዳሪ ይሁን።